በላ መሰለኝ

አባዬ የሞተ ቀን አክስቴ ኤካሲ፣ የሱ እህት፣ ሆስፒታሉ በር ላይ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ «ምን በልቶ ነበር?» አለችኝ። እኔ ደሞ «እማዬ የቋጠረችለትን በላ መሰለኝ» አልኳት። በቃ፣ መዘዙ ሁሉ የመጣው ከዚች ቃል ነው። ሌላ ሰው ቢሆን በላ ይላል፣ ወይ አልበላም ይላል። እኔ ግን ያን ሰሞን ጭንቅላቴ ውስጥ እርግጠኛ የሆንኩበት አንድም ነገር አልነበረም።

ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለብኝ። እኛ ሳናጋ ወንዝ ዳር ለምንኖር ሰዎች ይሄ ብርቅ አይደለም፤ የኔ ክፍል ውስጥ ብቻ አራት ነበርን። ነርስ ክሎቴር ከወንዙ ጥቋቁር ዝንቦች ነው የሚመጣው ይላል፣ ሽማግሌዎቹ ሌላ ሌላ ይላሉ፣ እኔ እንግዲህ የማውቀው መውደቄን ነው። ድሮ በየሳምንቱ እወድቅ ነበር። ወንዝ ብቻዬን አልወርድም፣ እሳት አልጠጋም። አክስቴ ቤት ስሄድ የምበላበት ሳህን የብቻዬ ነው፣ ምራቄ በሽታውን ያስተላልፋል ብለው። ከዛ አሥራ አምስት ሲሞላኝ ክሎቴር ፌኖባርቢታል ጀመረልኝ። ትንሽዬ ነጭ ኪኒን፣ በየቀኑ ከራት በኋላ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አልወደቅኩም።

ይሄን የሰማ ሁሉ «ታዲያ ምን ጎደለሽ?» ይለኛል።

የጎደለኝማ፣ ድሮ የመንደሩ ልጆች ሬዲዮ ነበር የሚሉኝ። ማን ከማን ተጣላ፣ የማን ፍየል የማንን የካካዎ ችግኝ በላች፣ ወሬው መጀመሪያ እኔ ጋ ነው የሚሰማው። ኪኒኑን ስጀምር «ባትሪ የጨረሰች ሬዲዮ» አሉኝ። መጀመሪያ ሰሞን ደሞ ጭራሽ ሌላ ሰው ሆኜ ነበር፤ ያለምክንያት እናደዳለሁ፣ የአክስቴን ልጅ አንድ ባልዲ ውሃ ደፍቼበት ከዛ እኔው ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ። እሱ ሲያልፍ ድንዛዜው መጣ። መምህሩ ይጠይቀኛል፣ መልሱን አውቀዋለሁ፣ ግን መልሱ የሚደርሰው ሁሉም ቦርሳውን አንግቶ ሲወጣ ነው። ማዕድ ቤት ቆሜ እጄን ዘርግቼ «ያንን... ያንን የሚያማስሉበትን» እላለሁ። ማማሰያ። በቃ ማማሰያ እኮ ነው። ቀኖቹም ይደበላለቁብኛል። ነጭ ልብስ ከቀይ ጋር አብራችሁ ዘፍዝፋችሁ ታውቃላችሁ? ሁሉም አንድ ዓይነት ሮዝ ሆኖ ይወጣል። እንደዛ ነው።

ለክሎቴር ስነግረው «መድኃኒቱ በሽታውን ሲያስተኛ ጎረቤቱንም አብሮ ያስተኛል» አለኝ።

«ሌላ የለም?»

«ሌላማ አለ፣ ዋና ከተማ። እኔ ጋ የሚመጣው ይሄ ነው። ብቻ በድንገት እንዳታቆሚው። ሰማሽ ምባዞአ? ትወድቂያለሽ፣ ያውም ከበፊቱ የከፋ።»

ትምህርቴን በዚህ ሁኔታ ጨረስኩ፣ የመጨረሻውን ፈተና በሁለተኛው ሙከራ አለፍኩ፣ ወር ሳይሞላ አባዬ ሞተ።

ሐሙስ ነበር። የካካዎ ማሳችን ከወንዙ ማዶ ስለሆነ እኔና አባዬ በታንኳ ተሻገርን። እማዬ ምሳ ቋጥራለት ነበር፣ የተወቀጠ የዱባ ፍሬ በሙዝ ቅጠል ታስሮ የተቀቀለ፣ እሱ የሚወደውን። ከሰዓት በኋላ ላይ አባዬ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ይንከባለል ነበር። እንዴት ጎትቼ ታንኳ ውስጥ እንዳስገባሁት እኔ እንጃ። ብቻዬን ቀዝፌ አሻገርኩት፣ በሞተር ሆስፒታል ወሰዱት፣ በማግስቱ ሞተ። ሐኪሙ አንጀቱ ታጥፎ ነው አለ፣ ወረቀትም ጻፈ።

አክስቴ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችና «አንጀትማ ይታጠፋል» አለች። «ማን አጠፈው ነው ጥያቄው።»

እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ጉድጓድ ከመግባቱ በፊት የእናቱ ወገኖች መጥተው ይጠይቃሉ። ልጃችን ደህና ነበር፣ ምን አደረጋችሁት ይላሉ። በሰው ሁሉ ፊት፣ ሬሳው እዛው ተቀምጦ፣ ያየ ሰው ቆሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይናገራል። መልሱ ካላጠገባቸው ጣጣው የሚወድቀው ሚስትየዋ ላይ ነው። ሐዘኑ ሲያበቃ ወደመጣችበት መንደር ትመለሳለች፣ ልጅ ግን የአባቱ ወገን ነውና ይቀራል። እኔ ደሞ ወንድም የለኝ፣ እህት የለኝ። እናቴ ከሄደች የሚቀረኝ አክስቴ ቤትና ያ ሳህን ነው።

ያየ ሰው ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ።

የሩቅ ዘመድ እስኪደርስ አባዬ ሬሳ ቤት ሁለት ሳምንት እንዲቆይ ተወሰነ። እማዬ ፀጉሯን ተላጭታ መሬት ላይ በተነጠፈ ሰሌን ተቀመጠች። ባል የሞተባት ሴት ካልተጠየቀች አታወራም፣ ካልፈቀዱላት ከሰሌኑ አትነሳም። «በላ መሰለኝ» ማለቴን ሰምታለች፣ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። አንድም ቀን ለምን አልሽ አላለችኝም፣ ዝም ብላ ታየኛለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጓሮ እየሄድኩ መለማመድ ጀመርኩ። ለዶሮዎቹ ነው የምናገረው። ታንኳው፣ ወንዙ፣ ማሳው እላለሁ፣ ምሳው ጋ ስደርስ ባዶ። አባዬ ቅጠሉን ሲፈታ ይታየኛል። ግን ሲፈታ መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ የታየኝ ያለፈው ወር ይሁን የአምና ይሁን በምን ልወቅ። አንድ ቀን ጠዋት በላ ብዬ እደመድማለሁ፣ ከሰዓት ደሞ አልበላም እላለሁ፣ ሁለቱም ጊዜ እምላለሁ። በአምስተኛው ቀን መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ጭንቅላቴን በጡጫ መታሁት። ኪኒኑ ነው አልኩ። እሱ ከላዬ ላይ ቢነሳልኝ ያ ቀን ይመለሳል።

ድሮ ኪኒኑን የምትሰጠኝ እማዬ ናት፣ መዋጤንም ምላሴን አስነስታ ታያለች። አሁን ሰሌን ላይ ናት። ለቀብሩ ገና ዘጠኝ ቀን ቀርቷል። ኪኒኖቹን በባዶ ሰርዲን ጣሳ ውስጥ ማጠራቀም ጀመርኩ።

መጀመሪያ ምንም የለም። በአራተኛው ቀን ግን ጠዋት ስነቃ ወፎቹ ጮክ ብለው የሚዘፍኑ መሰለኝ። ቃላቱ መጡ፣ ማማሰያ፣ ወንፊት፣ ሙቀጫ፣ ሁሉም በየቦታቸው። እንቅልፍ የሚባል አጣሁ እንጂ ደስ አለኝ። ደስታው ደሞ ቁጣ ነበረበት፤ የአክስቴ ልጅ ውሃ ሳይቀዳ ስለመጣ ብቻ በጥፊ አልኩት። «ሬዲዮዋ ባትሪ አገኘች» አለ ጉንጩን ይዞ፣ ሰዉ ሳቀ። ማንም ለምን እንደሆነ አልጠየቀም።

በስድስተኛው ቀን ለለቀስተኛ የሚሆን ካሳቫ ልንቋጥር የሙዝ ቅጠል እሳት ላይ እያለሰለስን ነበር። ቅጠሉ ሲሞቅ የሚሸት ሽታ አለው። ያ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ ቀኑ እንዳለ መጣልኝ፣ ከነፀሐዩ። አባዬ ከጠዋት ጀምሮ ሆዱን ይዞ ነበር። ምሳውን ስሰጠው ዓይኑን ዞር አድርጎ «አንቺ ብዪው፣ እናትሽ ከጠየቀች ግን በላው በያት» አለኝ። እኔ ነኝ የበላሁት። ሁሉንም። ጣቴን ሁላ ልሻለሁ። ቅጠሉን ወንዝ ጣልኩት። አባዬ ውሃ ብቻ ነው የጠጣው።

ሮጬ ሄጄ ለእማዬ ልነግራት ነበር፣ ግን ሰሌኑ ዙሪያ የአባዬ ወገን ሴቶች ተቀምጠዋል። አሁን ብናገር እናትየዋ አስጠናቻት ይሉኛል። ስለዚህ ዋጥ አድርጌ ያዝኩት። ሦስት ቀን ነው፣ በሰው ሁሉ ፊት እናገረዋለሁ አልኩ።

የቀብሩ ቀን ጠዋት ሻይ ስጠጣ ክንዴ ድንገት ዘለለና ብርጭቆው ወደቀ። ሁለቴ እንደዛ አደረገኝ። ምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ አላውቅም አልልም። ጣሳዋ ውስጥ ኪኒኖቹ ነበሩ። ብውጣቸው ደሞ ቀኑ ይጠፋብኛል ብዬ ፈራሁ። ተውኳቸው።

የሚጠይቁት የአባዬ እናት ወንድም፣ ሽማግሌው ቤሊንጋ ናቸው። ከሰዎቻቸው ጋር መጡና ግቢው መሀል ከሬሳ ሣጥኑ ማዶ ቆሙ። እማዬ ከሣጥኑ ግርጌ ሰሌኗ ላይ ነበረች። እኔን መሀል አቆሙኝ።

«ጮክ በዪ ልጄ» አሉኝ፣ «ጆሮዬ ከኔ ቀድሞ ነው ያረጀው።» ሰዉ ሳቅ አለ። «የእህቴ ልጅ ከቤት መቼ ወጣ?»

«ዶሮዎቹ ከቆጣቸው እንደወረዱ።»

«ማን ቀዘፈ?»

«እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። መሀል ላይ መቅዘፊያውን አስቀምጦ ሆዱን ያዘ። ሌሊቱን ሲወጋኝ ነው ያደረው አለኝ።»

«ሌሊቱን? ለሚስቱ አልነገራትም?»

«አልነገራትም። 'ለእናትሽ እንዳትነግሪ፣ ያን መራራ ሥሯን ትግተኛለች' አለኝ።»

አሁን የሳቀው ግማሽ ግቢ ነው። አባዬን ስለሚያውቁት ነው፣ መራራ ሲባል ገና ከሩቁ የሚሸሽ ሰው ነበር። አክስቴም አፏን በሽርጧ ጫፍ ያዘች። ቃላቱ እየተከታተሉ ነበር የሚወጡት፣ አንዱም አልጠፋብኝም።

«ማታ የበላውስ የማን እጅ ነበር?»

«የእማዬ። ሦስታችንም ከአንድ ድስት ነው የበላነው አያቴ፣ እኔ ሁለቴ ጨምሬያለሁ።»

«ይታይብሻል» አሉ። ከዛ ፈገግታቸውን አጠፉት። «እሺ። አሁን ወደ ቋጠሮው እንምጣ። ሚስቱ የቋጠረችለትን ማን በላው?»

አፌን ከፈትኩ። እኔ ልል ነው፣ ከንፈሬ ላይ ነው። ከዛ የቤሊንጋ ፊት ራቀ፣ ድምፁ ሁሉ ከባልዲ ውስጥ እንደሚመጣ ሆነ፣ አፌ ብረት ብረት አለኝ።

ስነቃ ቤት ውስጥ ነኝ። ምላሴ ተነክሶ አብጧል፣ ሰውነቴ እንደተወቀጠ ነው። ራሴ እማዬ ጭን ላይ ነበር። ከውጭ አፈር በአካፋ የሚመልሱበት ድምፅ ይሰማል።

የሆነውን የነገረችኝ አክስቴ ናት። ስወድቅ ማንም አልነካኝም፣ አረፋውን ፈርተው ሰዉ ሁሉ ወደኋላ አለ። እማዬ ናት ከሰሌኗ የተነሳችው። ሣጥኑን ተራምዳ መጥታ ራሴን አቀፈች። ባሏ ሳይቀበር፣ ጥያቄው ሳያልቅ፣ ሳይፈቀድላት። የቤሊንጋ ሰዎች «አየህ፣ ቋጠሮው ጋ ስትደርስ ሟቹ አፏን ዘጋው» አሉ። «አየህ፣ ሴትየዋም ልታስቆማት ተነሳች» አሉ። ጥያቄው እዛው ላይ ተዘጋ። እማዬ ሐዘኑ ሲያበቃ ትሄዳለች።

«እኔ ነኝ የበላሁት» አልኩ፣ በዛ ባበጠ ምላስ። «እማዬ፣ እኔ ነኝ የበላሁት፣ ኪኒኑን ደሞ ትቼዋለሁ።»

እማዬ ጣሳዋን ከትራሴ ሥር አውጥታ አየቻት። ዘጠኙንም። አባዬ ከሞተ ወዲህ ድምፅ አውጥታ ስታለቅስ ያየኋት ያኔ ነው።

«ለኔ ብለሽ?» አለች። «እኔ መንደር አለኝ፣ ወንድም አለኝ። አንቺ ወንዝ ውስጥ ወድቀሽ ቢሆንስ? በሁለት ሳምንት ሁለት ልቀብር?»

ክሎቴር አልተቆጣኝም። ኪኒኑን መልሶ አስጀመረኝ፣ ከዛም በሞተሩ አፈናጦ ወደ ቤሊንጋ መንደር ወሰደኝ። ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ መረብ እየጠገኑ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ቀስ እያልኩ፣ ምክንያቱም ድንዛዜው መመለስ ጀምሯል። እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

«ምሳውን አንቺ በላሽው።»

«አዎ።»

«ከዛም እፊቴ ወደቅሽ። ሰው የሚለውን ታውቂያለሽ? የበላች ወደቀች ነው የሚለው።»

ክሎቴር ገባበት። «አባባ፣ የወደቀችው ኪኒኑን ስላቆመች ነው። የኪኒን ጉዳይ ነው፣ የምግብ አይደለም።»

«ለምን አቆመች?»

«ሲውጡት ማስታወስ ያስቸግራል።»

ቤሊንጋ መረባቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ክፉ ሰው አይደሉም፣ ይሄን ልናገር። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። «እንግዲህ ስትውጪ ትረሻለሽ፣ ስትተዪ ትወድቂያለሽ» አሉ። «እኔ የቷን ልመን?»

ጽፌ ላምጣ አልኳቸው።

«ወረቀትማ የእናትሽ ወንድምም ይጽፋል። የሞት ጥያቄ በአፍ ነው።» መረባቸውን መልሰው አነሱ። «ሐዘኑ የሚወጣ ቀን እመጣለሁ። ያኔ አንዴ ብቻ እጠይቅሻለሁ። ቁመሽ ትነግሪኛለሽ፣ ሳትወድቂ፣ መንገዱም ሳይጠፋብሽ። ከዛ ውጪ የማደርግልሽ የለም።»

ያን ዕለት ቤት ገብቼ ገና ሳይጠፋኝ ሁሉንም በትምህርት ቤት ደብተሬ ጻፍኩት፣ አሥራ አንድ ገጽ። ኪኒኔን በየቀኑ እውጣለሁ፣ እማዬ እንደ ድሮው ምላሴን ታያለች። ጠዋት ጠዋት ደብተሩን አነባለሁ፣ ከዛ ዘግቼ እናገራለሁ። ሐረግ በሐረግ ይዤዋለሁ፤ ከአምስተኛው ገጽ ጀምሪ ብትሉኝ እጀምራለሁ። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ የገዛ ጽሑፌ ነው፣ ስርዝ ድልዙ ሳይቀር። ወንዙ አይታየኝም። የቅጠሉን ሽታ ሆን ብዬ እሳት ላይ ይዤ ሞከርኩት፣ ቅጠል ቅጠል ብቻ ነው የሚሸተው።

ትናንት አክስቴ ኤካሲ መጣች። ካሳቫ ይዛ ነው የመጣችው፣ በሰው ፊት ሳይሆን በጓሮ በር። ከቀብሩ ወዲህ ከስታለች። «ቤሊንጋ በደብተርሽ ተራ አይጠይቁሽም» አለች። «ተነሺ፣ እኔ ልጠይቅሽ። ወንድሜ ነው፣ እኔም ማወቅ አለብኝ።»

ቆምኩ። ስለ ታንኳው ጠየቀችኝ፣ መለስኩ። ስለ ሕመሙ ጠየቀችኝ፣ መለስኩ። አባዬ ያለውን ቃል በቃል ነገርኳት፣ ራሷን ነቀነቀች። እማዬ ሰሌኗ ላይ ሆና ታዳምጣለች።

«አንቺ ስትበዪ እሱ የት ነበር?» አለች አክስቴ።

ይሄ ደብተሩ ውስጥ የለም። ጠበቅኩ። እማዬ ፊቷን መሬት ላይ ተክላለች።

«ተቀምጦ ነበር» አልኩ።

«የት?»

«ዛፍ ሥር። ማንጎው ሥር። ጀርባውን አስደግፎ።» ስናገረው ደሞ ታየኝ፣ እውነቴን ነው፣ ቁልጭ ብሎ፣ ጥላው ሁላ።

ያን ማሳ ያቀናው የእነሱ አባት ነው፣ ልጅ ሆና ስትሮጥበት ነው ያደገችው።

«እዛ ማሳ ውስጥ ማንጎ የለም፣ ልጄ» አለችኝ።

እኔም ደብተሬን ከፈትኩና ከአሥራ አንደኛው ገጽ ግርጌ «ማንጎ የለም» ብዬ ጻፍኩ። ቤሊንጋ ሊመጡ ዘጠኝ ቀን ቀርቷል።